ግማሽ ኪኒን

"አጥንት ከዚህ በር አያልፍም ብያለሁ! አያልፍም!"

የአባቷ ድምፅ ከደጅ ሲመጣ ፋርማሲስቷ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። ማበጠሪያዋን እንደያዘች ወደ በረንዳው ሮጠች። አባቷ የግቢውን በር በአንድ እጃቸው ጨብጠው፣ በሌላው ቡችላውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ላይ አፍጥጠዋል። ልብስ ሰፊዋ በፌስታል የተቋጠረ ነገር አንጠልጥላ ግራ ተጋብታ ቆማለች።

"ኧረ አባባ፣ ለቡችላው አስቤ እኮ ነው። ትናንት እንግዳ ነበረብኝ፤ አጥንቱ ከሚጣል ብዬ..."

"ይጣል! ሰው የሚጥለውን ነው ለውሻ የምንሰጠው? የበሰለ አጥንት ሲሰበር መርፌ ነው፣ አንጀት ይበሳል። አንዱን በገዛ እጄ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን አልቀብርም!"

ይህን ብለው ቡችላውን እንደታቀፉ ወደ ጓዳ ገቡ። ፋርማሲስቷ እየሮጠች ወርዳ ይቅርታ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ቂም የማታውቅ ሴት ስለሆነች ነገሩን ወዲያው በሳቅ ለወጠችው።

"ግድ የለም ዶክተር። እኔማ ዳግመኛ መፈጠር ካለ የአባባ ውሻ ሆኜ ልፈጠር እያልኩ ነው። ባሌ አንድ ቀን እንዲህ ተጨንቆልኝ አያውቅም።" ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። "እሳቸውን ግን እያየሻቸው ነው? ሱሪያቸውን ሁለቴ አጥብቤላቸዋለሁ። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ይዘውት መጡ። እንደ ልጅ ሆኜ ልቆጣቸው አልችልም፤ አንቺ ግን ልጃቸው ነሽ።"

"እነግራቸዋለሁ" አለች ፋርማሲስቷ። ይህችን ቃል ከተናገረቻት በኋላ ምላሷ ላይ መረረቻት። ስንት ጊዜ ለራሷ "እነግራቸዋለሁ" ብላለች!

"ዶክተር አይደለሁም" ማለቱን ከተወችው ቆይታለች። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። ከትምህርት ቤት ተመርቃ መድኃኒት ቤት የተቀጠረች ዕለት "ዶክተሬ" አሏት፤ ሰፈሩም ተቀበላቸው። ይኸው በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ ከባሏ ተለያይታ፣ እናቷም አልፈው ከአባቷ ጋር ብቻ ስትኖር፣ በዚያው ስም ትጠራለች።

ወደ ጓዳ ስትገባ አባቷ ካሮት ይልጣሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ውሃ እንኳ አፍልተው አያውቁም ነበር። አሁን ግን በየማለዳው ለቡችላው ካሮትና ዱባ ይቀቅላሉ፤ ሩዙን ለብቻ፣ ጉበቱን ለብቻ። ጉበቱን በትንሽዬ ሚዛን መዝነው ነው፤ ከበዛ ይጎዳል። ጨው የለ፣ ዘይት የለ። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ "ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው" ብለው ጽፈዋል፤ ጽሕፈቱ የሾፌር እንጂ የሐኪም ስላልሆነ ከበር ላይ ሆኖ ይነበባል። ከምግብ በኋላ ጥርሱን ጣታቸው ላይ በጠመጠሙት ንጹሕ ጨርቅ ይወለውሉለታል፣ ጆሮውን ይፈትሹለታል፣ ከዚያ የእግር መንገድ። ቡችላው ስሙ ምክትል ነው። "ለምን ምክትል?" ብሎ የጠየቀ ሁሉ አንድ መልስ ያገኛል፦ "ሻምበሉ ሞቶ ነዋ።"

ለራሳቸው ግን ምድጃው አጠገብ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ከተረፈው ካሮት ትንሽ ቀማምሰው ይወጣሉ። ሥጋ ካፋቸው ካስገቡ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ጋ ቀርበው ተቀምጠው አያውቁም።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው" አሏት ቀና ሳይሉ። "የውሻ ሐኪሟ በክሊኒኩ ትምህርት ላይ የዛሬው ተናጋሪ እርስዎ ነዎት ብላኛለች። ነይና አጠገቤ ተቀመጪ። ብቻዬን ከሆንኩ ድምፄ ይቆረጥብኛል።"

"ቅዳሜ እኮ መድኃኒት ቤት ሰው ይበዛል፣ አባዬ።"

"ለአንድ ቀን ረዳትሽ ትሸፍንልሽ። ሻምበልን እኮ አንቺም ትወጂው ነበር።"

ስልኳን አንስታ ለረዳቷ ደወለች።

ሻምበል አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት የኖረ ውሻ ነው። እናቷ ሲሞቱ አባቷን ከአልጋ ያስነሳቸው እሱ ነበር፤ በየጠዋቱ ብርድ ልብሳቸውን በጥርሱ እየጎተተ። ሲያረጅ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ከምንጣፉ በተነሳ ቁጥር ያቃስት ጀመር። አባቷ፣ "ሰኞ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ" ሲሉ እሷ፣ "እድሜ ነው አባዬ። ለጉልበት ሕመም ሰው እንኳ ሐኪም ቤት አይሰለፍም" አለቻቸው። ረዳቷ ወልዳ እረፍት የወጣችበት፣ እሷ ብቻዋን ቆማ የምትውልበት ሳምንት ነበር። ውሻ ይዞ መሰለፍ ቀርቶ ሻይ የምትጠጣበት ጊዜ አልነበራትም፤ ለምሳ ብቻ መድኃኒት ቤቱን ዘግታ ወደ ቤት ትሮጥና ወዲያው ትመለሳለች።

ከመደርደሪያዋ ለሰው የሚታዘዝ የሕመም ማስታገሻ አወረደች። የሻምበልን ክብደት ከአሥር ዓመት ልጅ ክብደት ጋር አስተያይታ፣ ምሳ ላይ ግማሽ ኪኒን፣ እራት ላይ ግማሽ ኪኒን ብላ ወሰነች። ማንንም አልጠየቀችም። ሃያ ዓመት መድኃኒት የሸጠ ሰው ማንን ይጠይቃል? ለአባቷም አልነገረቻቸውም፤ ውሻው ሲድን፣ "ይኸው፣ ያለ ሐኪም አዳንኩልህ" ልትላቸው አስባ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሻምበል እስከ ግቢው በር ድረስ ሮጠ። አባቷ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። "ነገ እነግራቸዋለሁ" አለች በልቧ፣ ደስታዋን እንደ ከረሜላ እያላመጠች። በአራተኛው ቀን ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ውሻው ውሃ እንኳ እምቢ አለ። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር አስመለሰ። ክሊኒክ ሳይደርስ፣ በታክሲው የኋላ መቀመጫ ላይ፣ ራሱን አባቷ ጭን ላይ እንዳኖረ ሞተ።

ሐኪሟ ክሊኒኩ በር ላይ ወጥታ ድዱን ገልጣ አየችው። "ምን በልቶ ነበር?" ስትል አባቷ ቀደሙ።

"አጥንት። ከሳህኔ አጥንት እሰጠዋለሁ። ሁልጊዜ ነው የምሰጠው።"

"የበሰለ?"

"የበሰለ።"

"ሊሆን ይችላል" አለች ሐኪሟ፤ እርግጠኛ ነኝ አላለችም። አባቷ ግን ሌላ ነገር አልሰሙም። በፋርማሲስቷ ቦርሳ ውስጥ ግማሹ የጎደለ የኪኒን ማሸጊያ ነበር። አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ያን ዕለት ዝምታዋ የአንድ ደቂቃ ነበር። አሁን ሰባት ወር ሞልቶታል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ስልኳ ላይ አነበበች። ሦስት መስመር ለማንበብ የፈጀባት ጊዜ ሻይ ለመጠጣት ከሚፈጀው ያነሰ ነበር፤ ያ መድኃኒት የውሻን ጨጓራ እንደሚያደማ፣ ኩላሊቱን እንደሚያቆም፣ ለሽማግሌ ውሻ ደግሞ ጥቂቱም እንደሚበቃው። ሆድ ይፍጀው አለች። ሆድም ፈጃት። አባቷ የሐኪሟን የቅዳሜ ትምህርት ሲጀምሩ እሷ ከሥራ ስትመለስ ገበያ መዞር ጀመረች፦ ያልደረቀ ዱባ፣ የዕለት ጉበት፣ የዓሣ ዘይት። የኅሊናዋን አፍ በዱባ ልትዘጋው ፈለገች። አባቷ ዕቃውን ሲቀበሏት፣ "አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?" ይሏታል። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ቧንቧው አዙራ የታጠበ እጇን ደግማ ትታጠባለች።

የክሊኒኩ መቆያ ክፍል በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። አሥራ አንድ ሰው፣ ዘጠኝ ውሻ፣ የወለል ማጽጃ ሽታ። ሐኪሟ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለች፣ ቀጭን፣ ስትናገር እጇን ኪሷ ውስጥ የምትከት ሴት ናት።

"ውሻ ክፍሉ እየተፈታ የሚጠገን ዕቃ አይደለም" አለች። "እግሩን ለብቻ፣ ሆዱን ለብቻ አትዩ። እግሩን ያመመው ውሻ እንቅልፉ እንዴት ነው? ምን ይበላል? ክብደቱ ጨምሯል? የሚተኛበት ወለል ይቀዘቅዛል? ከነሁለመናው እዩት። ዱባና ካሮት ጥሩ ነው፣ ፍቅርም ጥሩ ነው፤ ግን ሐኪም አያስፈልግም ማለት አይደለም። ግራ ሲገባችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።"

ፋርማሲስቷ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። እያንዳንዱ ቃል እሷን ፈልጎ የመጣ መሰላት።

አባቷ ተራቸው ሲደርስ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሱ።

"እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ" አሉ። "ሰው ቀርቶ ዶሮ ገጭቼ አላውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። ጡረታ ወጥቼ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ከገዛ ሳህኔ አጉርሼ ጓደኛዬን ገደልኩት።"

አንድ ውሻ አዛጋ።

"ሰዎች፣ ውሻ ነው እርሳው፣ ይሉኛል። ደመ ከልብ የሚባል ነገር አለ አይደል? ጠያቂ የሌለው ደም። የሻምበል ደም ግን ጠያቂ አለው፣ እኔ ነኝ። ተጠያቂም አለው፣ እሱም እኔው ነኝ። እናንተ ከእኔ ተማሩ።" ከዚያ በኮፍያቸው ወደ እሷ አመለከቱ። "ልጄ ይቻትና። መድኃኒት አዋቂ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ ቤቴ ቁጭ ብላ አንድ ቀን እንኳ፣ ይኼ አጥንት ይጎዳው ይሆን? ብዬ አልጠየቅኳትም።"

ሁሉም ዞረው አይዋት። አንዲት ሴት በርኅራኄ ፈገግ አለችላት። ፋርማሲስቷ ጫማዋን አየች፤ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጣት አትጠላም ነበር።

ሐኪሟ ለእረፍት ስትለቃቸው ሰዉ ውሾቹን ውሃ ሊያጠጣ ወደ ግቢው ወጣ። ጥፍሩ ሥር ግሪስ የገባበት አንድ ጎልማሳ መካኒክ፣ አሮጊት ቡናማ ውሻውን እየጎተተ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ውሻይቱ ዳሌዋን ትጎትታለች።

"እህቴ፣ አባባ መድኃኒት አዋቂ ናት ሲሉ ሰማሁና። ይቺ እንደምታያት ናት። እኔ ለወገቤ የምውጣት ኪኒን አለች።" ከቱታው ኪስ ማሸጊያ መዝዞ አወጣ። "ትናንት ሩቧን ብሰጣት ዛሬ ከአልጋዬ ሥር ዘላ ወጣች። ወደ ግማሽ ላሳድግላት?"

ማሸጊያውን ለማንበብ መቅረብ አላስፈለጋትም። ከሩቅ ታውቀዋለች።

"አይስጧት!"

እንዲህ መጮኋን ራሷም አላወቀችም። ሰው ሁሉ ዞረ።

"ይገድላታል። መጀመሪያ ደህና ያደርጋታል፣ ትሮጣለች፣ ደስ ይልዎታል። ውስጥ ውስጡን ግን ጨጓራዋ ይደማል። በአራተኛው ቀን ውሃ እንኳ እምቢ ትላለች። በአምስተኛው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ታስመልሳለች። ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥ ቢያስገቧትም አትደርስም።"

መካኒኩ እጁ ላይ ያለውን ማሸጊያ እንደ ጊንጥ አየው። ከኋላው አባቷ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ይዘው ቆመዋል። እድሜ ልካቸውን ሾፌር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሞተር የቱ ጋ እንደታመመ በድምፁ ይለያሉ።

"አምስተኛው ቀን ነው ያልሽው?"

"አባዬ..."

"ይኼ ነገር ከመጽሐፍ ነው?"

"አዎ" ብትል ያልቅ ነበር። መካኒኩ አመስግኗት ይሄዳል፣ ውሻይቱ ትድናለች፣ አባቷም ወደ ቤታቸው ተመልሰው ካሮታቸውን ይልጣሉ። ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያ "ቦታው" ምን እንደሆነ አሰበች፦ ግድግዳ ፊት ቆሞ የሚበላ ሰው።

"አይደለም" አለች። "ና እንቀመጥ።"

አጥሩ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ምክትል የአባቷን የጫማ ክር ያኝካል።

"ሻምበልን አጥንት አልገደለውም፣ አባዬ። እኔ ነኝ። ለእግሩ ብዬ ያንን ኪኒን ሰጠሁት። ለሰው የሚሆነውን። አንተ ሳታውቅ።"

ጎድጓዳው ሳህን አባቷ እጅ ላይ ዘንበል ብሎ ውሃው ሱሪያቸው ላይ ይንጠባጠባል።

"ስንት ቀን?"

"አራት ቀን።"

"እስከ በሩ የሮጠ ጊዜ..."

"ሁለተኛው ቀን ነበር።"

"እኔ አጨበጨብኩ።"

"አዎ።"

"ሰባት ወር ሙሉ ካሮት ስልጥ አየሽኝ።"

"አየሁህ።"

"ዝም አልሽ።"

"ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ሥራ በዝቶ፣ ጊዜው አልፎ፣ እንዳታዝን ብዬ። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። "ዶክተሬ ማለትህን እንዳትተው ፈርቼ።"

አባቷ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ኪኒኑስ ይሁን። አላወቅሽም፤ ያላወቀ ይሳሳታል። ዝምታውን ግን አውቀሽ ነው ያደረግሽው።" ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻላት ነበር። "አሁን እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ዋሽቻለሁ። ሰውዬው ኪኒን በኪሱ ይዞ ስለ አጥንት ነገርኩት። ግቢና ንገሪያቸው። ሁሉንም።"

"አንተስ?"

"እኔም ገብቼ እሰማለሁ።"

ገባች። አባቷ ቆመው የነበሩበት ቦታ ላይ ቆመች። ሰዎቹ ገና እየተቀመጡ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፦ ሳምንቱን፣ ኩራቷን፣ ግማሽ ግማሽ ኪኒኑን፣ ክሊኒኩ በር ላይ አፏን ከፍታ መዝጋቷን። በርኅራኄ ፈገግ ያለችላት ሴት አሁን ፈገግታዋን መልሳ ወስዳዋለች። መካኒኩ ተነስቶ ማሸጊያውን ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ውሻውን ይዞ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ደብተሯን አወጣች። "ላስቸግርዎት ነው" አለች፣ "ግን ትክክለኛውን መዝገብ መያዝ አለብኝ። እኔም ያን ቀን ስለ መድኃኒት ሳልጠይቅ 'አጥንት' ብዬ ጽፌያለሁ።"

"ይጠይቁኝ።"

"የኪኒኑ መጠን?" ነገረቻት። "በቀን ስንቴ?" "ሁለቴ። ግማሽ፣ ግማሽ።" "ሌላ የሚወስደው ነገር?" "የለም።" እንደ ፈተና ተፈታኝ ቶሎ ቶሎ መለሰች፤ እያንዳንዱ መልስ ሲወጣ አንድ ነገር ከደረቷ ላይ የሚነሳ መሰላት።

"በባዶ ሆዱ ነበር ወይስ ከምግብ ጋር? በምን አድርገው ሰጡት?"

ከኋለኛው ረድፍ አባቷ ቀና አሉ።

ሻምበል ኪኒን የሚቀበል ውሻ አልነበረም፤ ቢጎርስም አሽትቶ ይተፋዋል። አባቷ ግን ማዕድ ሲቀርብ፣ ለራሳቸው ሳይቀምሱ፣ ከሥጋው ለስላሳውን ቆርጠው ለእሱ ብለው ሳህናቸው ዳር ላይ ያኖራሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ይነሳሉ። እሷ ግማሹን ኪኒን እዚያች ቁራጭ ውስጥ ነበር የምትወትፈው። አባቷ ተመልሰው ቁራጯን ያነሳሉ፣ እንዳታቃጥለው እፍ ይሉባታል፣ "ና የኔ ጌታ" ብለው በጣታቸው ያጎርሱታል። ስምንት ጊዜ። ስምንቱንም ጊዜ በእሳቸው እጅ።

ይህን ለማንም አልተናገረችውም። ለራሷም ቢሆን እስከ መጨረሻው አስባው አታውቅም፤ ሐሳቡ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ትነሳና ሥራ ትፈልጋለች። ዛሬ ግን ሁሉንም ንገሪያቸው ተብላለች፤ ሁሉንም ልትናገር ነው የቆመችው። የአባቷን እጆች አየቻቸው። መሪ ይዘው የኖሩ ትልልቅ እጆች፣ አሁን ቡችላው ጀርባ ላይ ያረፉ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

"በዳቦ" አለች ፋርማሲስቷ፣ ዓይኗን ከአባቷ ዓይን ሳትነቅል። "ዳቦ ውስጥ ደብቄ በገዛ እጄ አጎረስኩት። ሌላ ማንም አልነካውም።"

ሐኪሟ "ዳቦ" ብላ ጻፈች።